የክላሽ ቀለሃ የልጅ ልጅ፦ ለዒላማ ተኩስ ዋይልድካት ጥይት ስትመርጡ

ባለፈው ገና የእህቴ ልጅ ከኮሎራዶ መጥቶ፣ ሱሉልታ ባለው ቤቴ በረንዳ ላይ ስድስት ወረቀት ዘረጋልኝ። ባለካሬ ወረቀት ላይ በእርሳስ፣ በትክክለኛ ልካቸው የተሣሉ ስድስት ቀለሃዎች ናቸው። «ጋሼ፣ አዲስ አፈሙዝ ላሠራ ነው። አንዱን ምረጥልኝና ልገላገል» አለኝ። እሱ እዚያ የዒላማ ተኩስ ክለብ አባል ከሆነ ሦስት ዓመቱ ነው። እኔ ደግሞ ጉልምስናዬን የጨረስኩት በጦር መሣሪያ ጥገና ክፍል ውስጥ ነው። አፈሙዝ እንዴት እንደሚበላ አውቃለሁ፤ ስለ ውድድሩ ግን የተማርኩት ከእሱና ከንባብ ነው።

መልስ ከመስጠቴ በፊት ከመሳቢያዬ አንዲት ዕቃ አወጣሁ። እናቴ የኩል ማስቀመጫ አድርጋት የነበረች የክላሽንኮቭ ቀለሃ ናት፤ አፏ ላይ የወይራ እንጨት ውታፏ እስካሁን አለ። «6 ፒፒሲ» የሚል ከተጻፈበት ሥዕል ላይ አጋደምኳት። ግርጌዋ ከሥዕሉ ግርጌ ጋር ልክ ገጠመ። ርዝመታቸውም ለዓይን አይለይም፤ የክላሿ 38.7 ሚሊ ሜትር፣ የሥዕሉ 38.5 ነው። የሚለያዩት ከወገብ በላይ ነው። የክላሿ ወደ አፏ እየቀጠነች ትሄዳለች፤ ሥዕሉ ግን እስከ ትከሻው ቀጥ ብሎ ይወጣና ድንገት ወደ ጠባብ አንገት ይገባል። በአጭር ርቀት የዒላማ ውድድር ላለፉት አርባ ምናምን ዓመታት የነገሠው ጥይት የክላሽ ጥይት የልጅ ልጅ ነው ብል ከጎረቤቶቼ ስንቱ ያምነኝ ይሆን?

ወደ ምርጫው ከመግባቴ በፊት ሁለት ነገር ላስቀድም። ይህ ጽሑፍ በሚኖሩበት አገር ፈቃድ አውጥተው በክለብ ሜዳ ለሚተኩሱ አማርኛ አንባቢዎች ነው። እዚህ አገር የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 (በእኛ አቆጣጠር) አለ፤ ጥይትን በቤት ውስጥ መሥራት እንደ መዝናኛ የሚታይ ነገር አይደለም። የባሩድ መጠንም እዚህ አታገኙም። እሱ የሚወሰደው ከባሩድ ፋብሪካው መመሪያ ነው እንጂ ከሌላ ሰው ደብተር አይገለበጥም።

ቃላቱንም እንለይ። ጥይት ስል ሙሉውን፣ ቀለሃ ስል የናሱን ቤት፣ አረር ስል ወደ ዒላማው የሚሄደውን ማለቴ ነው። ዋይልድካት ቃሉ ሲተረጎም «የዱር ድመት» ነው። የጥይት ፋብሪካዎች በጋራ ደረጃ ያልመዘገቡት፣ አንድ ተኳሽ ወይም ጠብመንጃ ሠሪ ነባር ቀለሃ ወስዶ አንገቱን በማጥበብ ወይም በማስፋት፣ ትከሻውን ወደ ፊት በመግፋት የፈጠረው ጥይት ነው። እንደ ሌላው ጥይት ከሱቅ ተገዝቶ አይጎርስም፤ ቀለሃው ተዘጋጅቶ በእጅ ይሞላል። ብዙዎቹ ውለው አድረው ይመዘገባሉ። .22-250 የሚባለው በ1965 (ዓመቶቹ ከዚህ በኋላ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ሬሚንግተን የተባለው የአሜሪካ ፋብሪካ እስኪቀበለው ድረስ ዋይልድካት ነበር። ከታች ካሉትም መዝገብ የገቡ አሉ፤ ተኳሾቻቸው ግን ዛሬም በእጃቸው ስለሚያዘጋጇቸው አብሬ አይቻቸዋለሁ።

በምን እንለካቸው?

የእህቴ ልጅ የጀመረው በፍጥነት ነበር። «6.5-284 ከሁሉም ይፈጥናል» አለ። ፍጥነትን ከመስፈርቶቼ አወጣሁት። ትክክለኝነትንም አወጣሁት። ጥሩ አፈሙዝና ጥሩ አረር ካገኙ ስድስቱም ጥይቶች አብዛኛው ሰው ተኩሶ ሊያሳይ ከሚችለው በላይ ቀዳዳዎቹን አጠጋግተው ይሰበስባሉ። በሁሉም ላይ ያለ ነገር ደግሞ ለማማረጥ አይረዳም።

መጀመሪያ የሚታየው የውድድሩ ደንብ ነው። ኤፍ ክላስ በሚባለው የረጅም ርቀት ውድድር ሁለት ክፍል አለ። «ቲአር» በሚባለው ክፍል የሚፈቀዱት .223 እና .308 ብቻ ስለሆኑ እዚያ የሚወዳደር ሰው ይህን ጽሑፍ እዚሁ ቢያቆመው ጊዜውን ያተርፋል። «ኦፕን» በሚባለው ግን በዓለም አቀፉ ደንብ እስከ 8 ሚሊ ሜትር አረር፣ እስከ 10 ኪሎ ግራም ጠብመንጃ ይፈቀዳል፤ ዋይልድካት የሚፈነጭበት ሜዳ ይህ ነው። በጠረጴዛ ላይ ተደግፈው በሚተኩሱት ውድድር ደግሞ አንዱ የሚለካው ጥይቶቹ ምን ያህል እንደተጠጋጉ ነው፤ ሌላው እንደ ትምህርት ቤት ፈተና ነጥብ ይቆጥራል። ይህ ልዩነት ምርጫውን ሙሉ በሙሉ ሊገለብጠው እንደሚችል ከስድስቱ አንዱ የሆነው 30 ቢአር ላይ ስንደርስ ታያላችሁ።

ሁለተኛው የአፈሙዝ ዕድሜ ነው፤ ብዙ ሰው የሚረሳው ይህን ነው። የተበላ አፈሙዝ ከፍቼ በመብራት ያየሁት ቁጥር የለውም። አረሩ ከቀለሃው ወጥቶ የአፈሙዙን ጥርስ (በውስጡ የተቦረቦረውን ጠመዝማዛ መስመር) በሚነክስበት በመነሻው ላይ፣ የሱሉልታ ዋልካ አፈር በበጋ እንደሚሰነጣጠቀው ብረቱ ተሰነጣጥቆ ይታያል። ያንን የሚያደርገው በጠባብ ቀዳዳ በኩል የሚነድ ብዙ ባሩድ ነው። 6.5-284 ከ6 ቢአር ሰባ በመቶ ያህል የበለጠ ባሩድ የመያዝ ቦታ አለው፤ የአፈሙዙ ቀዳዳ ስፋት ግን የሚበልጠው ከሃያ በመቶ በታች ነው። ትርፉ እሳት የት እንደሚሄድ መገመት አይከብድም።

ሂሳቡን በረንዳው ላይ ሠራንለት። አፈሙዙ ከነሥራው 900 ዶላር ይፈጃል እንበል። በዓመት 1,500 ጥይት ይተኩሳል እንበል። ዕድሜው 1,000 ጥይት የሆነ አፈሙዝ በዓመት 1,350 ዶላር ያስወጣዋል፤ ዕድሜው 2,500 የሆነ ግን 540። ልዩነቱ ለልምምድ የሚሆን አረር ይገዛል። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» አልኩት፤ እሱ ስልኩ ላይ ቁጥሩን ደግሞ አባዛው።

ሦስተኛው የቀለሃው ነገር ነው፤ ተዘጋጅቶ ይገዛል ወይስ በእጅ ይቀረጻል? አራተኛው ነፋስ፣ አምስተኛው የሰደፉ ምት ነው። ምትን እንደ ወንድነት መለኪያ የሚቆጥሩ አሉ። በቀን ሰማንያ ጥይት ለሚተኩስ ሰው ግን ትከሻ ሲፈራ ጣት ይቸኩላል።

6 ፒፒሲ

ሩስያውያን በ1943 የተቀረጸውን፣ ኋላ ክላሽንኮቭ የሚጎርሰውን ጥይት ወስደው አንገቱን ወደ 5.6 ሚሊ ሜትር አጠበቡት፤ ለስፖርትና ለአደን። በ1975 ሉ ፓልሚሳኖ የተባለ ሐኪምና ፌሪስ ፒንዴል የተባለ የብረት ሙያተኛ ያንን ቀለሃ ገላውን አቅንተው፣ ትከሻውን ወደ 30 ዲግሪ አቁመው፣ አንገቱን ለ6 ሚሊ ሜትር አረር አሰፉት። «ፒፒሲ» የሚለው ስም የሁለቱን አባቶች ስም የያዘ ነው።

እዚህ ላይ የክላሽን ካዝና አስቡት። የተጎበጠው ለውበት አይደለም። ቀለሃው ወደ አፉ እየቀጠነ ስለሚሄድ ጥይቶቹ ሲደራረቡ ራሳቸው ይጎብጣሉ። ያ ቅጥነት ጭቃ ውስጥ ለወደቀ፣ በፍጥነት ለሚጎርስና ለሚተፋ መሣሪያ ጥሩ ነው። በአንድ ጊዜ አንድ ጥይት በእጁ ለሚያጎርስ የውድድር ተኳሽ ግን ምንም አይፈይድለትም። ሐኪሙና ሙያተኛው ያወጡት እሱን ነው። አጭርና ወፍራም የባሩድ ዓምድ፣ ትንሽ የመለኮሻ ቆብ፣ ቀላል ምት ተረፈ። በ100 ያርድ (91 ሜትር) ጎበዝ ተኳሽ በዚህ ጥይት አምስት ቀዳዳ መሐል ለመሐል በ5 ሚሊ ሜትር አካባቢ ያሳርፋል። አምስቱን በአንድ የሸሚዝ ቁልፍ መሸፈን ይቻላል።

ችግሮቹን ደግሞ እንቁጠር። አረሩ ቀላል ነው፣ 4.4 ግራም ገደማ፤ ከ300 ሜትር በኋላ ነፋስ ይጫወትበታል። የቀለሃው ግርጌ የክላሹን ወርሶ 11.3 ሚሊ ሜትር ነው፤ የቀሩት አምስቱ 12 ናቸው። ስለዚህ አምስቱ በአንድ ዓይነት መዝጊያ ሲሠሩ ይህ የራሱን መዝጊያ ይፈልጋል። በውድድር አፈሙዞቹ መቀመጫ (ቀለሃው በሚገባበት ጉድጓድ) ላይ የአንገቱ ቦታ አብዛኛውን ጊዜ 6.65 ሚሊ ሜትር ስለሆነ የእያንዳንዱን ቀለሃ አንገት ዙሪያውን ልጦ ማሳሳት ግድ ነው። ያልተላጠ ቀለሃ በጠባብ መቀመጫ ውስጥ ከተተኮሰ አንገቱ አረሩን ለመልቀቅ ቦታ አያገኝም፤ ግፊቱ ወደ ተኳሹ ፊት ይመለሳል። ይህን ሥራ የሚወድ አለ፤ ማታ ማታ ሙዚቃ ከፍቶ ቀለሃ ሲልጥ ያመሻል። የማይወድ ሰው ፒፒሲን አይግዛ።

6 ቢአር እና 6 ዳሸር

ሁለቱን ለይቼ መጻፍ አልቻልኩም፤ ዳሸር ማለት ትከሻው ወደ ፊት የተገፋና ገላው የቀና 6 ቢአር ነው።

ቢአር በ1978 ከሬሚንግተን ወጣ። ኖርማ የተባለው የስዊድን ጥይት ፋብሪካ በ1996 ረዘም ላሉ ከባድ አረሮች የሚስማማ መቀመጫ ደንግጎ አስመዘገበው። ቀለሃው 39.6 ሚሊ ሜትር ነው፤ 6.8 ግራም ገደማ የሚመዝን ቀጭን ረጅም አረር ይተኩሳል። ከ100 እስከ 600 ያርድ (549 ሜትር) የሚያደርገው ሁሉ ያለ ጣጣ ነው። ጥራት ያለው ቀለሃ ከሳጥኑ ወጥቶ ይሞላል፣ ምቱ ቀላል ነው፣ አፈሙዙ 2,500 ጥይት ያህል ይቆያል። እንደ ጎረቤት በቅሎ ነው፤ ማንም አይቀናበትም፣ ሁሉም ግን ይዋሰዋል።

ዳሸር ጥቂት ተጨማሪ ባሩድ ይይዛል፣ ጥቂት ይፈጥናል። በ600 ያርድ ውድድርና በሰዓት ተሯሩጠው ከቦታ ቦታ በሚተኩሱት ዘንድ በጣም ተወዷል። ጥያቄው ያ «ጥቂት» በምን ዋጋ ይገዛል የሚለው ነው። በዱሮው መንገድ የቢአር ቀለሃ በዳሸር አፈሙዝ ውስጥ አንድ ጊዜ ይተኮሳል፤ ግፊቱ ናሱን እስከ አዲሱ ትከሻ ድረስ ይነፋዋል። 200 ቀለሃ ለማዘጋጀት 200 ጥይት ማለት ነው። 2,000 ጥይት ዕድሜ ካለው አፈሙዝ ላይ አንድ አሥረኛው ውድድር ሳያይ አለቀ። ዛሬ የተወሰኑ ፋብሪካዎች ዳሸር ተብሎ የተቀረጸ ቀለሃ ይሸጣሉ፤ ከቢአሩ ይወደዳል፣ አፈሙዝ ከማቃጠል ግን ይረክሳል። የምኖርበት አካባቢ ይህ ቀለሃ ዘወትር ይገኛል ወይ ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱ «አንዳንዴ» ከሆነ ቢአርን ያዙ።

30 ቢአር

ይህን ጥይት የወለደው የብረት ጥበብ አይደለም፤ የነጥብ አቆጣጠር ደንብ ነው። የቢአር ቀለሃ አንገቱ ለ7.82 ሚሊ ሜትር አረር እንዲሆን ይሰፋል። ነጥብ በሚቆጠርበት የጠረጴዛ ውድድር የጥይቱ ቀዳዳ ጠርዝ ከፍ ያለውን ቀለበት ከነካ ያ ነጥብ ይያዛል። ከ6 ሚሊ ሜትሩ አረር ጋር ሲተያይ ወፍራሙ በእያንዳንዱ ጎን 0.8 ሚሊ ሜትር ወደ ቀለበቱ ይደርሳል። ሁለት ሰው እኩል ቦታ ቢመታ አንዱ 10፣ ሌላው 9 ያገኛል ማለት ነው። መቀራረብ በሚለካበት ውድድር ግን ርቀቱ የሚወሰደው መሐል ለመሐል ስለሆነ ይህ ጥቅም ይጠፋል። ሰፊው ቀዳዳ ለአፈሙዙም ዕረፍት ነው፤ ከ3,000 ጥይት በላይ ይሄዳል። ከ200 ያርድ (183 ሜትር) በላይ ለማሰብ ግን አልተሠራም።

6.5-284

የእህቴ ልጅ ልቡ የነበረው እዚህ ነው። በ1963 ከዊንቸስተር የወጣው .284 አንገቱ ወደ 6.5 ሚሊ ሜትር ተጠበበ፤ ቆይቶ ኖርማ አስመዘገበው። 9 ግራም ገደማ የሚመዝን አረር በከፍተኛ ፍጥነት ወደ 1,000 ያርድ (914 ሜትር) ይልካል፤ በዚያ ርቀት ብዙ ዋንጫ አንሥቷል። አፈሙዙ ግን ከ800 እስከ 1,200 ጥይት ባለው ጊዜ ውስጥ ያልቃል። ልምምድን ከጨመርን ለብዙ ሰው ከአንድ የውድድር ዓመት አያልፍም።

እዚህ ላይ ከበረንዳው ተነሥተን ወደ አጥሩ ሄድን። ባሕር ዛፉ ላይ የላስቲክ ቁራጭ አስሬ ነበር። ጧት ውርጭ ላይ ላስቲኩ ተንጠልጥሎ ነበር፤ ረፋድ ላይ ሜዳው ሲሞቅ መወዛወዝ ጀመረ፣ እኩለ ቀን ላይ ተዘርግቶ ይንጫጫ ነበር። «አሁን ስንት ይነፍሳል?» ስለው የገመተው ወደ እጥፍ የተጠጋ ነበር፤ በኪሱ በያዘው የነፋስ መለኪያ አረጋገጥን። የፈጣን ጥይት ሁሉ ጥቅም ከእንዲህ ያለ አንድ የግምት ስሕተት ያንሳል።

የአየሩም ነገር አለ። ሱሉልታ ከባሕር ወለል ከ2,500 ሜትር በላይ ነው፤ ሯጮቻችን እዚህ የሚመጡት ለሳሳው አየር ነው። ከባሕር ጠረፍ ጋር ሲተያይ አየሩ ሩብ ያህል ይሳሳል። እሱ የሚተኩስበት ዴንቨር አካባቢም 1,600 ሜትር ያህል ከፍታ ስላለው አየሩ ከጠረፍ አሥራ አምስት በመቶ ገደማ ይሳሳል። አየር ሲሳሳ አረሩን የሚጎትተው ይቀንሳል፣ ነፋሱም የሚገፋው ያንሳል። ከባሕር ጠረፍ የመጣ ተኳሽ ባሩድ ጨምሮ የሚገዛውን ከፊሉን የደጋ ሰው በነጻ ያገኘዋል።

.284 ሺሄን

ያው .284፣ አንገቱ ሳይጠብ 7 ሚሊ ሜትር እንዳለ፣ ገላው ትንሽ ተቀናና ባሩድ ጨመረ። 11.7 ግራም የሚመዝን አረር ነፋስን በደንብ ይቋቋማል፤ ለኤፍ ክላስ ኦፕን በ1,000 ያርድ ከስድስቱ የምመርጠው እሱን ነው። ቀዳዳው ስለሰፋ አፈሙዙ ከ6.5-284 ይሻላል። ምቱ ይከብዳል፤ 10 ኪሎ ግራም ጠብመንጃ ካልያዘው ቀኑን ሙሉ አይቻልም። ቀለሃውም በመተኮስ ይቀረጻል። ያንን ድካም የማይፈልግ ያልተነካውን .284 ይተኩስ፤ ልዩነቱን ዒላማው ላይ ለማግኘት ብዙ ነፋስ ማንበብ ይጠይቃል።

በአንድ ላይ ሲታዩ

ከተመዘገቡት መካከል 6.5 ክሪድሙርን ለማመሳከሪያ ጨምሬዋለሁ፤ ሆርናዲ በ2007 ያወጣው፣ ጥይቱ ከሱቅ ተገዝቶ የሚተኮስ ነው። የአፈሙዝ ዕድሜ የተባለው ለውድድር ብቁ ሆኖ የሚቆይበት ግምት ነው፤ በፍጥነት እየተከታተለ የሚተኩስ ሰው ያሳጥረዋል።

| ጥይት | የተወለደበት ቀለሃ | የሚመቸው ርቀት | የአፈሙዝ ዕድሜ (ጥይት) | የቀለሃ ዝግጅት | ምት |
|---|---|---|---|---|---|
| 6 ፒፒሲ | የክላሽ ጥይት፣ በሩስያው .220 በኩል | 100–200 ያርድ | 1,000–1,500 | ብዙ | በጣም ቀላል |
| 6 ቢአር | የሬሚንግተን ቢአር | 100–600 ያርድ | 2,500 ገደማ | ጥቂት | ቀላል |
| 6 ዳሸር | 6 ቢአር | 300–1,000 ያርድ | 2,000 ገደማ | መካከለኛ፤ የተቀረጸ ከተገኘ ጥቂት | ቀላል |
| 30 ቢአር | 6 ቢአር | 100–200 ያርድ፣ ለነጥብ | ከ3,000 በላይ | መካከለኛ | መካከለኛ |
| 6.5-284 | .284 ዊንቸስተር | 1,000 ያርድ | 800–1,200 | መካከለኛ | መካከለኛ |
| .284 ሺሄን | .284 ዊንቸስተር | 1,000 ያርድ | 1,500–2,000 | ብዙ | ከባድ |
| 6.5 ክሪድሙር | የተመዘገበ | እስከ 1,000 ያርድ | 2,000–2,500 | የለም | መካከለኛ |

ለማን የትኛው?

ገና እየጀመራችሁ ከሆነ፣ ጥይት በእጃችሁ ሞልታችሁ የማታውቁ ከሆነ ዋይልድካት ይቅርባችሁ። ክሪድሙር ግዙ፣ የመጀመሪያውን አፈሙዝ እስኪያልቅ ተኩሱ፣ ያገለገለ ቀለሃውንም አጠራቅሙ። ያን ጊዜ ምን እንደጎደላችሁ ራሳችሁ ታውቃላችሁ።

በጀት ጠባብ ሆኖ ውድድር የሚያምራችሁ 6 ቢአር ላይ ዐይናችሁን ጨፍናችሁ ልትወድቁ ትችላላችሁ። በአጭር ርቀት መቀራረብ በሚለካበት ውድድር ለዋንጫ የሚጋፈጥ ሰው ከፒፒሲ ማምለጫ የለውም፤ ጊዜና ትዕግሥት እንጂ ገንዘብ ብቻ አይበቃውም። ነጥብ የሚቆጠርበት ክለብ ውስጥ ያለ ሰው 30 ቢአርን ይያዝ። በ600 ያርድ ቢአርን አሟጦ የተጠቀመ፣ የተቀረጸ ቀለሃም የሚያገኝ ሰው ወደ ዳሸር ይሻገር። 1,000 ያርድ ብቻ የሚተኩስና አቅም ያለው ሰው ሺሄንን ወይም ተራውን .284 ያሠራ። 6.5-284ን የምመክረው አፈሙዙ ቀድሞ እጁ ላይ ላለ ሰው ብቻ ነው፤ እስኪያልቅ ይተኩስበት፣ ሲያልቅ ግን ሌላ ያስብ።

የእህቴ ልጅ ሁለት ቀን ካኮረፈ በኋላ 6 ቢአርን መረጠ። ያባበለው አንድ ነገር ነው፦ አፈሙዙ በቢአር ከተሠራ በኋላ፣ አንገቱ ከተመቸ፣ ጠብመንጃ ሠሪ መቀመጫውን ፈልፍሎ ወደ ዳሸር ሊያሰፋው ይችላል። ከዳሸር ወደ ቢአር ግን ከኋላው ካልተቆረጠ መመለሻ የለም። ያን ቀን የአፈሙዙ ጎን ላይ የተቀረጸው ስም አብሮ መለወጥ እንዳለበት ደጋግሜ ነገርኩት። የተለያዩ 6 ሚሊ ሜትር ጥይቶች በዓይን ተመሳሳይ ናቸው፤ ክለብ ውስጥ ደግሞ ሳጥን ከሳጥን ይደባለቃል።

ሊሄድ ሲል ለጥይት ሳጥኖቹ የሚለጠፍ ወረቀት ቆርጦ ሰጠኝና በእጄ ጽሑፍ «6 ቢአር» ብዬ በአማርኛ እንድጽፍለት ጠየቀኝ። ክለባቸው ውስጥ አማርኛ የሚያነብ እሱ ብቻ ነው። የሌላውን ሳጥን የራሱ መስሎት የሚያነሣ ሰው ቢኖር ይህን ሲያይ ይመልሰዋል አለኝ። ሃያ ጻፍኩለት።